የቻይና ቤት ምግብና እንጉዳይ፦ የተለመዱ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ቻይናውያን በቤታቸው ለእራት የሚያቀርቡት ማዕድ በደቡቡ ክፍል በነጭ ሩዝ፣ በሰሜኑ ደግሞ በኑድል ወይም በእንፋሎት በበሰለ ዳቦ ዙሪያ የሚሰናዳ ሲሆን፣ አብረው ከሚቀርቡት ሁለት ሦስት ምግቦች በአንዱ ውስጥ እንጉዳይ መገኘቱ የተለመደ ነው። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በቤቱ ሞክሮ ግን ውሃ የሞላበትና ጣዕም የራቀው ነገር ያወጣ ሰው ጥቂት አይደለም። ከዚህ በታች የተነሡት ችግሮች መልካቸው ይለያይ እንጂ የአብዛኞቹ ምንጭ ውሃ ነው፤ እንጉዳዩ በውስጡ የያዘው፣ ወይም የደረቀው እንጉዳይ የሚዘፈዘፍበት።

ጥብሱ ውሃ ሲያቁር

ያልደረቀ እንጉዳይ ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። እሳት ሲነካው ይህ ውሃ ይወጣል፤ መጥበሻው ከሚያተንነው በላይ ከወጣ እንጉዳዩ መጠበሱ ቀርቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ መልኩም ወደ ግራጫ ይሄዳል። ለዚህ የሚዳርጉት እንጉዳዩን በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጨመር፣ ውሃን ስቦ የሚያወጣውን ጨው ገና ከመጀመሪያው መነስነስና የእሳቱ መድከም ናቸው። የቻይና ምግብ ቤቶች የጋዝ ነበልባል ከቤት ምድጃ በብዙ እጥፍ የሚበረታ ስለሆነ የምግብ ቤቱን አጠባበስ በቤት እሳት ልድገም ማለት ትርፉ ድካም ነው።

በቤት የሚሠራው መንገድ ሌላ ነው። ፒንግጉ የሚባለው፣ በእኛም አገር እየተመረተ ኦይስተር በሚል ስም የሚሸጠው እንጉዳይ፣ በቢላ ከመከተፍ ይልቅ በእጅ ይተለተላል፤ ከዚያም በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ገብቶ ይጠለልና ሲበርድ በእጅ ይጨመቃል። ውሃን በውሃ ማስወጣት እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ እንጉዳዩ ውሃውን የሚለቀው መጥበሻው ላይ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል በጋለ ዘይት ላይ ሲወርድ ወዲያው ይጠበሳል። መቀቀሉን ያልወደደ ሰው እንጉዳዩን ያለ ዘይት በደረቅ መጥበሻ ላይ አስቀምጦ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ከጠበቀ በኋላ ዘይቱን ሊጨምር ይችላል፤ 26 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መጥበሻ 250 ግራም ይበቃዋል። በሁለቱም መንገድ ጨውና አኩሪ አተር ሶስ የሚገቡት በመጨረሻ ነው። ብዙ ከቆየ ይጠነክራል የሚለው ሥጋት ለሥጋ እንጂ ለእንጉዳይ አይሆንም፤ የእንጉዳይን አካል አጽንቶ የያዘው ካይቲን የተባለው ንጥረ ነገር በሙቀት በቀላሉ አይለወጥምና ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን መታገሥ ይቻላል።

ውሃው አንዴ ከሞላ ደግሞ እንጉዳዩን ለብቻ አውጥቶ ፈሳሹን በኃይለኛ እሳት ማስመጠጥ፣ አለዚያም አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በመጨመር ፈሳሹን ማወፈር ምግቡን ያድነዋል። ይህ ማወፈር የስሕተት መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ በቻይና ቤቶች እንጉዳይ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ሲሠራ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው።

የደረቀው ሺያንግጉ መሐሉ አልበስል ሲል፣ ወይም ጥርስ ላይ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ

በጃፓንኛ ስሙ ሺታኬ ተብሎ የሚታወቀው ሺያንግጉ ሲደርቅ ሽታውም ጣዕሙም ይጠነክራል፤ በደቡብ ቻይና ከተከታተፈ ዶሮ ጋር በእንፋሎት በሚበስለው የታወቀ የቤት ምግብ ውስጥ የሚመረጠውም የደረቀው ነው። ችግሩ ጠርዙ ለስልሶ መሐሉ እንደ ቆዳ ሲታኘክ ይታያል። መንሥኤው በአብዛኛው ችኮላ ነው፤ የፈላ ውሃ ሲፈስበት ላዩ ቶሎ ያብጣል፣ መሐሉ ግን ውሃ ሳይደርሰው ይቀራል። ኋጉ የሚባለውና ባርኔጣው የተሰነጣጠቀው ወፍራም ዓይነት በዚህ የታወቀ ነው።

መፍትሔው እንጉዳዩን ቶሎ ለቅለቅ አድርጎ ባርኔጣውን ወደ ታች በመድፋት በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ በማቀዝቀዣ ማሳደር ነው። ቀጭኑ በሁለት ሦስት ሰዓት ይለሰልሳል። እንግዳ በድንገት ከመጣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቁንጥር ስኳር ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይቻላል፤ ጣዕሙ ግን ካደረው ጋር አይወዳደርም። እግሩ የቱንም ያህል ቢዘፈዘፍ ስለማይለሰልስ ተቆርጦ ለሾርባ መረቅ ይቀመጣል። አሸዋው የሚደበቀው ከባርኔጣው ሥር ባሉት ቀጫጭን እጥፋቶች ውስጥ ነውና እንጉዳዩ ከለሰለሰ በኋላ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይራገፋል። ያንን ቡናማ ውሃ መድፋት በእኔ ግምት በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የሚያስቆጨው ነው፤ ከእንጉዳዩ የወጣውን ጣዕም የያዘ በመሆኑ አሸዋው እስኪዘቅጥ ጠብቆ የመጨረሻውን አተላ ብቻ በመተው ወደ ድስቱ መጨመር ይገባል። የደረቀው ሺያንግጉ የሚታወቅበት ጉዋኒሌት የተባለ ጣዕም ሰጪ ነገር፣ አኩሪ አተር ሶስ ውስጥ ካለው ግሉታሜት ጋር ሲገናኝ የአንዱ ጣዕም የሌላውን ያጎላል፤ ሁለቱ በአንድ ድስት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙትም ያለ ነገር አይደለም።

ሺያንግጉ ከተበላ በኋላ ቆዳ ላይ ሰንበር ሲወጣ

ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሺያንግጉ የበሉ አንዳንድ ሰዎች በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ጀርባቸውና ሆዳቸው ላይ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል፣ የሚያሳክክ ቀይ ሰንበር ያያሉ። ይህ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በጃፓን በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ መንሥኤው በእንጉዳዩ ውስጥ የሚገኘው ሌንቲናን የተባለ ንጥረ ነገር እንደሆነ ይታመናል። መከላከያው እስከ መሐሉ ድረስ ጥሩ አድርጎ ማብሰል ነው። የወጣበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሙኧር ሲያሙለጨልጭ፣ ሲሸት ወይም ዘይት ሲያስፈነጥር

ስሙ በቻይንኛ «የእንጨት ጆሮ» ማለት የሆነው ጥቁሩ ሙኧር ከእንቁላልና ከአሳማ ሥጋ ጋር ተጠብሶ የሚበላ ነው። አሥር ግራሙ ሲዘፈዘፍ ወደ መቶ ግራም ሊጠጋ ስለሚችል፣ ሳያውቅ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የዘፈዘፈ ሰው ወጥ ቤቱ በጥቁር ጆሮ ይጥለቀለቅበታል። ዘይቱን የሚያፈነጥረው በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ውሃ ነው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀቅሎ፣ አጠንፍፎና በጨርቅ አድርቆ መጥበስ ይህን ያስቀራል።

ማሙለጭለጩና መሽተቱ ግን ከምግብ አሠራር ስሕተት በላይ ነው። ሙኧር በክፍል ሙቀት ለረጅም ጊዜ ሲዘፈዘፍ በርክሆልደሪያ ግላዲዮሊ የተባለ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ ይህ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ቦንግክሬኪክ አሲድ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም፣ ማርከሻም የለውም። በ2020 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ጂሺ በተባለችው ከተማ በአንድ ማዕድ ላይ ዘጠኝ ሰዎችን የገደለው ይኸው መርዝ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ምግቡ ከቦካ የበቆሎ ዱቄት የተሠራ ኑድል እንጂ ሙኧር ባይሆንም የአደጋው ባሕርይ አንድ ነው። መርዙ ራሱ ሽታም ጣዕምም ስለሌለው ሳይሸት የቀረ ሙኧር ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ መለኪያው አፍንጫ ሳይሆን ሰዓት ነው፦ በቀዝቃዛ ውሃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ከአራት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም፣ የቆየውም ሳይታዘንለት ይደፋል።

ጂንጀንጉ እንደ ክር ሲሆን

ረጅምና ቀጭን ነጭ የሆነው ጂንጀንጉ ጥርስ መሐል የሚገባውና ሳይፈጭ የሚወጣው ሳይቆራረጥና ሳይታኘክ ስለሚዋጥ ነው፤ ቻይናውያን ወጣቶች በቀልድ «ነገ እንገናኝ» የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥሩ ተቆርጦ፣ ቀሪው ለሁለት ተከፍሎ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ይበስላል። ጥሬውን ሰላጣ ላይ መበተን ግን መተው አለበት፤ በ2020 በአሜሪካ ይፋ በሆነና ከዚህ እንጉዳይ ጋር በተያያዘ፣ ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ በተነሣ ወረርሽኝ 36 ሰዎች ታመው 4 ሞተዋል።

ሺንግባኦጉ ጣዕም ሲያጣ

ወፍራም ነጭ እግር ያለው ሺንግባኦጉ በራሱ ለስላሳ ጣዕም ያለው በመሆኑ ሌላው ነገር እንዲገባበት መንገድ ይፈልጋል። ወደ ጎን በክብ በክብ ሲቆረጥ ይለሰልሳል፣ በቁመቱ ሲተለተል ደግሞ እንደ ሥጋ ይታኘካል፤ ከመቁረጥ በፊት የሚፈለገውን መወሰን ነው። በክብ የተቆረጠው ላዩ በቢላ ጫፍ መረብ ተሠርቶበት፣ ሁለት ፊቱ ቡናማ እስኪሆን ተጠብሶ አኩሪ አተር ሶስ፣ ጥቂት ስኳርና ቁንዶ በርበሬ ሲጨመርበት ጣዕሙ ሌላ ነው።

የዪንኧር ሾርባ አልወፍር ሲል

ነጩ ዪንኧር ከቀይ ቴምር መሳይ ፍሬ ከጁጁብ ጋር ተቀቅሎ እንደ ጣፋጭ ይጠጣል፤ የሚፈለገው ወፈር ያለና የሚዝለገለግ መረቅ ነው። መረቁ ውሃ ሆኖ የሚቀረው ዪንኧሩ በትልልቁ ሲገባ ወይም የማብሰያው ጊዜ ሲያጥር ነው፤ ቢጫው ጠንካራ ሥር ተቆርጦ ተጥሎ ቀሪው በደቃቁ መበጣጠስና በዝግታ እሳት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ይህም ሰዓት ላይበቃ ይችላልና ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ቢጠቀምበት ይመረጣል። ስኳሩ የሚገባው መረቁ ከወፈረ በኋላ ነው።