የደቡብ ሕንድ ምግቦችን ሲያበስሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሕንድ ምግብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ክሬም የበዛበት ወጥና በታንዱር (በሸክላ ምድጃ) የተጋገረ ናን የተባለ ዳቦ ነው፤ ሁለቱም ግን የሰሜኑ ናቸው። በታሚል ናዱ፣ በኬረላ፣ በካርናታካ፣ በአንድራ ፕራዴሽና እ.ኤ.አ. በ2014 ከእርሱ በተለየው በቴላንጋና የገበታው መሠረት ሩዝ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እነዚህን አምስት ግዛቶች እንደ አንድ ማጀት መቁጠር ነው። ልዩነታቸው ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በሚያጎመዝዙበት ነገር ነው፤ ሳምባር የተባለው የታሚል የክክ ወጥ በሁመር (ተማሪንድ)፣ የኬረላ ቀይ የዓሣ ወጥ ኩዳምፑሊ በተባለ የደረቀ ፍሬ፣ የአንድራ ወጥ ደግሞ ጎንጉራ በሚባል ቅጠል ስለሚሠራ፣ በሁሉም ላይ ሎሚ የሚጨምቅ ሰው ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። «ደቡቦቹ ሥጋ አይበሉም» ማለትም ልክ አይደለም፤ በካርናታካ የምትገኘው የኡዱፒ ከተማ የቤተ መቅደስ አበሳሰል ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትን እንኳ ቢተውም፣ ቢርያኒ የተባለው ስመ ጥሩ የሃይደራባድ የሩዝ ምግብ በሥጋ፣ የኮዳጉ ተራሮች የታወቀ ወጥም በአሳማ ሥጋ ይሠራል።

ለሁሉም ምግብ አንድ የካሪ ዱቄት መነስነስ ሁለተኛው ስህተት ነው። የሳምባርና የራሳም (ቀጭን ጎምዛዛ ሾርባ) ቅመም እንኳ ለየብቻ ይፈጫሉ። የካሪ ቅጠል ደግሞ የራሱ ዛፍ ያለው ትኩስ ቅጠል ስለሆነ ዱቄቱ አይተካውም።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ዶሳ በተባለው ከሩዝና ከክክ ሊጥ በሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። ለሦስት እጅ ሩዝ አንድ እጅ ኡራድ የተባለው የተገፈፈ ነጭ ክክ ይበቃል፤ ጥቂት የአብሽ ፍሬም ይጨመርበታል። ሩዙና ክኩ አንድ ላይ መፈጨት የለባቸውም፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ለየብቻ ከተዘፈዘፉ በኋላ ክኩ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ አረፋ እስኪመስል፣ ሩዙ ግን ትንሽ ሸካራነት እንደያዘ ይፈጫል። ሊጡ በሞቃት ስፍራ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ኩፍ ይበል፤ ችኮላ ያተረፈው ጠፍጣፋና ደረቅ ቂጣ ብቻ ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምሮ ወደ መሃል ማዞር ስለለመደ እጁ በልማድ ይስታል፤ ዶሳ መሃል ላይ ፈስሶ በጭልፋ ጀርባ እየተዞረ ወደ ዳር ይዘረጋል። ምጣዱ ከልክ በላይ ከጋለ ሊጡ ከጭልፋው ጋር እየተጠቀለለ አልዘረጋ ስለሚል፣ በየመሃሉ ውሃ ረጨት አድርጎ መጥረግ ያስፈልጋል።

ሳምባር ሲሠራ ሁመሩን ቀድሞ መጨመርም የተለመደ ጥፋት ነው። አሲዱ ክኩን አላበስል ስለሚለው፣ ክኩ እስኪፈራርስ ተቀቅሎ ካበቃ በኋላ ብቻ ይገባል። መጨረሻ ላይ በጋለ ዘይት የሚጠበሰው የሰናፍጭ ፍሬም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሳይፈነዳ ከወጣ ይመርራል፣ ከጠቆረም ዘይቱን ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። የካሪ ቅጠሉ ከፍሬው በኋላ፣ ውሃው በሚገባ ተራግፎ ይገባል፤ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ፊት ላይ ይረጫል።

በኬረላ ወጦች ደግሞ መጀመሪያ የተጨመቀውን ወፍራም የኮኮናት ወተት ማንተክተክ አይገባም፣ ይበጣጠሳል፤ ወጡ በሁለተኛው ቀጭን ወተት በስሎ ወፍራሙ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨመራል።