ለግሸን የእግር ጉዞ ከላይ ከሚለበሰው በፊት ከታች የሚነጠፈውን አስቡ

ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ በእግር ለምትሄዱ፣ ስለ ማደሪያ ጥቂት ነገር። አምባው 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ክረምቱም ገና ጠቅልሎ አይወጣም። ሌሊቱ ይበርዳል፣ መሬቱ እርጥብ ነው።

ብዙ ሰው ሁለት ጋቢ ደርቦ ከታች ምንም ሳያነጥፍ ይተኛል። ሙቀቱን የሚወስድበት ግን መሬቱ ነው፤ ጎን ስር የተጨፈለቀ ጋቢ አየር ስለማይዝ አያሞቅም። መጀመሪያ ላስቲክ፣ ከላዩ ለስፖርት የሚሸጠውን 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ተጠቅላይ ምንጣፍ አንጥፉ። የፍራሽ ስፖንጅ ይቅር፣ ውሃ ይመጥጣል። ምንጣፉ ከትከሻ እስከ ዳሌ ከደረሰ ይበቃል፤ እግር ሻንጣው ላይ ይረፍ።

ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። የሱፍ ብርድ ልብስ ይሻላል። ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት ከረጢት) የምትገዙ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ዲግሪ አትመኑ፤ እሱ በሕይወት ለማደር እንጂ ለመተኛት አይደለም። «ኮምፎርት» (በምቾት የሚያስተኛው) የሚለው ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው።

ላስቲክ ተጠቅልሎ መተኛትስ? ትንፋሽና ላብ ውስጡ ውሃ ይሆንና ዝናብ ሳይዘንብ በስብሳችሁ ትነሳላችሁ። ላስቲኩን ከላያችሁ በገመድ ወጥራችሁ ጎኑን ክፍት ተዉት። ለሌሊት ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲ በፌስታል ቋጥሩ፤ ቀን በተራመዳችሁበት ላብ የያዘ ካልሲ አትተኙ።