ልጆች ይዛችሁ መሀል አዲስ አበባ ስትወጡ መስራት የሌለባችሁ ስህተቶች

በየክረምቱ ትምህርት ሲዘጋ የእህቴና የወንድሜ ልጆች ከደሴና ከሀዋሳ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ቤቴ አራት ኪሎ ስለሆነ ከተማ የማሳየቱ ስራ ሁሌም የአክስት ነው። ችግሩ ልጆቹ የሚለቀቁት ልክ ዝናቡ በሚብስበት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ውጪ ላይ ብቻ የታሰበ ፕሮግራም በዚህ ወር አይሰራም፣ ጣራ ያለው ቦታ የግድ ያስፈልጋል። እኔ ራሴ የሰራኋቸውንም ሌሎች ሲሰሩ ያየኋቸውንም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን ማለት ነው። ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ከዛ ወዳጅነት ፓርክ፣ ከዛ ሙዚየም፣ ማታ ሞል ላይ መጫወቻ ምናምን ተብሎ ይወጣል፣ 9 ሰዓት ሳይሆን ትንሹ ልጅ ጀርባ ላይ ተኝቷል፣ ትልቁ ደግሞ "ቤት እንሂድ" እያለ ነው። አንድነት ፓርክ ብቻውን እኮ ግማሽ ቀን ይበላል። 2012 ላይ የተከፈተው በታላቁ ቤተ መንግስት ግቢ ውስጥ ነው፣ የምኒልክ ግብር አዳራሽ አለ፣ ዙፋን ቤቱ አለ፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹ አሉ፣ በእግር የሚሄደውም ቀላል አይደለም። ልጁ አንበሳው ጋ ግማሽ ሰዓት መቆም ከፈለገ ይቁም፣ እጁን እየጎተታችሁ "ና ገና ብዙ አለ" አትበሉት። ለሱ ቀኑ ያ አንበሳ ነው።

ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት። ክረምት ላይ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ዝናቡ የሚወርደው ከምሳ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ውጪ ከሰዓት ውስጥ። ፀሐይ ናት ብላችሁም ያለ ጃኬት አትውጡ፣ ከሀዋሳ የመጣ ልጅ የኛን ብርድ አያውቀውም።

አሁን ወደ ፌሪስ ዊል፣ ሰው ጭኖ ወደ ላይ ወደሚዞረው ትልቅ መንኮራኩር ልምጣ፣ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ የሚጠይቁኝ እሱን ስለሆነ። ዩቲዩብ ላይ የለንደኑንና የዱባዩን አይተው ነው የሚመጡት። የለንደኑ 135 ሜትር ነው፣ የዱባዩ 250 ሜትር፣ ሁለቱም ዝግ የመስታወት ክፍል ያላቸው፣ በጣም ቀስ የሚሉ ናቸው፣ የለንደኑ አንዴ ለመዞር 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ እንኳን ብዙውን ጊዜ አይቆምም። መናፈሻና መጫወቻ ቦታ የምናገኘው ትንሹ ዊል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ወንበሩ ክፍት ነው፣ ይወዛወዛል፣ ከታች ሰው ሲጭን እናንተ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትቆማላችሁ። ይሄን ለልጁ ሳይነግሩ ማሳፈር ስህተት ነው። መጀመሪያ ከታች ቆማችሁ ሁለት ሶስት ዙር አብራችሁ እዩ፣ እሺ ካለ ውጡ፣ እምቢ ካለ በቃ፣ "ፈሪ" ብሎ ማሸማቀቅ ደግሞ በጣም ያስጠላኛል።

አንድ ክረምት ላይ የ6 ዓመት የወንድሜን ልጅ ይዤ ወጥቼ ልክ አናት ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር እስኪነሳ ምን ያህል እንደቆየን በትክክል አላውቅም፣ ለኔ በጣም ረጅም ነበር፣ ልጅቷ ክንዴን ጨብጣ "አክስቴ እንወድቃለን?" ስትለኝ እኔም ውስጤ እየተንቀጠቀጠ መኪና እያስቆጠርኳት ነው ያሳለፍነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ትኬት ከመቁረጤ በፊት "ጄኔሬተር አላችሁ ወይ? መብራት ቢጠፋ ሰው እንዴት ነው የምታወርዱት?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ግራ ከሆነ አልሳፈርም። እናንተም ጠይቁ፣ ማንም ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

የሞል መጫወቻዎች ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካርድ ላይ ብዙ ብር አንዴ አትሙሉ፣ ምሳ አብልታችሁ ወዲያው የሚሽከረከር ነገር ላይ አታውጡ።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስትሄዱ የሚሰራው ስህተት ደግሞ ድንቅነሽን በአንድ ደቂቃ አይቶ ማለፍ ነው። ለእይታ የተቀመጠው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት ለጥንቃቄ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፣ ይሄን ለልጆች በግልጽ ንገሯቸው፣ ኋላ ከሌላ ሰው ሲሰሙ የተዋሸ ይመስላቸዋል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስትሏቸው ግን ምንም አይገባቸውም፣ እኔ የማደርገው ቁመቷን ማሳየት ነው። 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነበረች፣ የ5 ዓመት ልጅ ቁመት ማለት ነው። የእህቴን ልጅ አጠገቧ ሳቆመው "እኔን ታክላለች፣ ግን ትልቅ ሰው ናት?" ብሎ ጠየቀ፣ ከዛ በኋላ ጥያቄው አላቆመም፣ ቤት ድረስ።

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ቅርብ ነው ተብሎ ትንንሽ ልጆች ይዘው የሚገቡ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። እውነተኛ የራስ ቅልና አጥንት፣ የሟቾች ልብስና ፎቶ ነው ያለው። 15፣ 16 የሞላው ልጅ ይግባ፣ ቢቻል ዘመኑን ካየ የቤተሰብ ሰው ጋር፣ የ7 ዓመት ልጅ ግን ሌሊት አይተኛም።

መንገድ መዘጋቱን ሳያጣሩ መውጣትም አለ። መስከረም ላይ ደመራ፣ ህዳር ላይ ታላቁ ሩጫ፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ፣ እንግዳ መሪም በመጣ ቁጥር መሀል ከተማው ይዘጋል፣ ልጅ ይዞ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ከባድ ነው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ካሉ ሰዓቱንም አስረዷቸው፣ "3 ሰዓት እንገናኝ" ተብሎ ከሰዓት 9 ላይ የመጣ ሰው አለን ቤታችን ውስጥ።

ፒያሳ ያለው የአድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ለዝናብ ቀን የኔ አንደኛ ምርጫ ሆኗል፣ ግን ታሪኩን ሳይነግሩ ማስገባት ልጁን በትልቅ አዳራሽ ማዞር ብቻ ነው። እኔ ሁሌም የምጀምረው አጠገቡ ካለው የምኒልክ ሐውልት ስር ነው። ጣልያን ሁለተኛ ሲመጣ ሐውልቱን ነቅሎ ቀብሮት እንደነበር፣ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ስነግራቸው ዓይናቸው ይፈጣል፣ "ፈረሱም ተቀብሮ ነበር?" ይላሉ። አዎ ፈረሱም። ከዛ በኋላ ነው የምንገባው፣ ሲገቡም የሚቀድሙኝ እነሱ ናቸው።