ራስን ከታሪክ ታላላቅ ሰዎች ጋር በአግባቡ ማነጻጸር

ራስዎን ከታሪክ ሰው ጋር ማነጻጸር ሲፈልጉ በመጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ይምረጡ፤ ከዚያም ሕይወቱን በየዕድሜው ከፋፍለው በወረቀት ላይ ይጻፉ። ለምሳሌ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር፤ ስለዚህ የ20 ዓመት ወጣት ራሱን ከሮሙ አበበ ጋር ቢያስተያይ ፍርዱ ገና ከጅምሩ የተዛባ ይሆናል።

ቀጥሎ ከሰውየው ጀርባ ማን እንደነበረ ይጠይቁ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ሲሆን፣ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ልምምዱን በቅርብ ይከታተሉለት ነበር። የራስዎን ጥረት ሲመዝኑ እንዲህ ያለ ድጋፍ አግኝተው እንደሆነ አብረው ይመዝኑ፤ ይህን መዝለል በራስ ላይ ግፍ መሥራት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሽንፈቱንም አይለፉት። አበበ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ሲቲ በጉዳት ምክንያት ሩጫውን ሲያቋርጥ ወርቁን ያገኘው ማሞ ወልዴ ነበር፤ ይኸው ማሞ ግን ከ12 ዓመታት በፊት በሜልቦርን በ800 እና በ1,500 ሜትር ተወዳድሮ ከማጣሪያው አላለፈም። ገና በጅምር ላይ ላለ ሰው ተገቢው መለኪያ የሜልቦርኑ ማሞ ነው፤ በተለይ ልጆቻቸውን ከባለ ድሎች ጋር የሚያወዳድሩ ወላጆች ይህን እንዲያስቡበት አጥብቄ እለምናለሁ።

ይህን ሁሉ ካመዛዘኑ በኋላ ከሰውየው ሕይወት በዕለት ተዕለት ኑሮዎ ሊለማመዱት የሚችሉትን አንድ ልማድ ብቻ ይውሰዱ፤ ለውጡንም በየወሩ ካለፈው ወር ሥራዎ ጋር ያመሳክሩ።