የአንበሳው ብርድ ልብስ ታጥቦ ቀዳዳ ቢያወጣ፦ ችግሩና መፍትሄው

ነገሩ ጠርዙ ሆን ተብሎ እንዲንጨባረር የሚሰፋ የልጆች ብርድ ልብስ ነው፤ ሥራውን የምታውቁት ናችሁና ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ድርብ ፍላኔል (ለስላሳ ጨርቅ) ሆኖ ከሌላው ጋር ይሰፋል። የስፌቱ ትርፍ፣ ማለትም ከስፌቱ አልፎ የሚቀረው ጨርቅ፣ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ፊት ይወጣል። ትርፉ በመቀስ ይተለተላል፣ ሲታጠብ ይንጨባረራል። በአንበሳ ቅርጽ ሲሠራ ያ የተንጨባረረው ጠርዝ ጎፈር ይሆናል። ልጆች ይወዱታል።

እዚህ ሜሪላንድ ለቤቢ ሻወርም ለክርስትናም ስሰፋው ቆይቻለሁ። ሌላ ሰው ሰፍቶት የተበላሸውንም ጠግኛለሁ። ከሚመጣልኝ ብልሽት አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ እሱ ላይ በሰፊው እቆያለሁ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን።

ጠርዙ አልንጨባረር አለ

ጨርቁ ጥጥ አይደለም። ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ይዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ መቶ ጊዜ ቢታጠብም ያው ነው፤ ጨርቁን ቀይሩ። «ለስላሳ» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ። 100% ጥጥ ካላለ አትግዙ።

ጨርቁ ጥጥ ሆኖ አንዱ ጎን ብቻ ካልተንጨባረረስ? ያ ጎን በሰያፍ ተቆርጧል። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ የተቆረጠ ጠርዝ ክሩን ይለቃል። በሰያፍ የተቆረጠ ግን ድርና ማጉ ተያይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ጎፈሩን ከአንበሳው ፊት ጋር በክብ አትቁረጡት። በድሩ አቅጣጫ ቀጥ ያለ ጥብጣብ ቆርጣችሁ ፊቱ ዙሪያ ስፉት። ውጭ ውጭውን ስትተለትሉት ራሱ እየተከፈተ ክቡን ይከተላል።

ማሽኑ ስፌት ይዘላል

መርፌው ቀጭን ነው። አራት ቁራጮች የሚገናኙበት ቦታ 12 ድርብ ይደርሳል። ቁጥሩ 90/14 ወይም 100/16 የሆነ የጂንስ መርፌ አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ብርድ ልብስ አዲስ መርፌ። ከመርፌ ላይ አትቆጥቡ።

ትርፉ በጀርባ በኩል ወጣ

በልብስ ስፌት ልማድ ፊት ለፊት ገጥማችሁታል። ይሄ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚገጠመው። መተርተር ብቻ ነው መፍትሄው።

የመሃሉ ሙሌት በጠርዙ ብቅ አለ

ይሄ የመሃሉን ድርብ ከፍላኔል ይልቅ ሙሌት ላደረጋችሁ ነው። ሙሌቱ ስፌቱ ድረስ እንዳይደርስ አሳንሳችሁ ቁረጡት።

ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቀዳዳ ከፈተ

ዋናው ይሄ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከነልጃቸው የክርስትናው ዋዜማ ማታ መጡ። የልጅ ልጃቸው ወንድ ነው፤ 40 ቀኑ በማግስቱ ይሞላል፣ ቀኑ አይገፋም። አንበሳው ከጆሮው ሥር ተከፍቶ ሦስት ጣቴን አስገባ። «ልጄ፣ አይጥ በላው እንዴ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ መቀስ ነው» አልኳቸው። መብራት ሥር ዘርግተን ስንቆጥር 14 ቦታ ላይ የስፌቱ ክር ራሱ ተቆርጧል። ልጅቷ ማታ ማታ ቴሌቪዥን እያየች በወጥ ቤት መቀስ ነበር የተለተለችው።

ቀዳዳ ስታዩ ቶሎ ብላችሁ መርፌ አትያዙ። መጀመሪያ የክሩን ጫፍ እዩ። ምክንያቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የክሩ ጫፍ ድፍን ብሎ፣ ጥርት ብሎ ከተቆረጠ መቀስ ነው። ጫፉ የተንጨፈረረና የሳሳ ከሆነ ርካሽ ወይም ያረጀ ክር ነው። አዲስ ሲገዛ በእጃችሁ ሳቡት፤ ሳትታገሉ ከተበጠሰ ለልጅ ዕቃ አይሆንም። ክሩ ደህና ሆኖ ጨርቁ ከሥሩ ሾልኮ ከወጣ ደግሞ ትርፉ ጠቧል። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ አባት ለሴት ልጁ ራሱ ሰፍቶ አመጣልኝ። ስፌቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ የሚያስቀና ነበር። ግን የተወው ትርፍ ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሲታጠብ ጠርዙ ተንጨባርሮ ተንጨባርሮ ስፌቱ ላይ ደረሰና ለቀቀ። ትርፉ ቢያንስ ግማሽ ኢንች ይሁን። እኔ ሦስት ሩብ ኢንች፣ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ።

መቀሱን በተመለከተ እባካችሁ ስሙኝ። አፉ መሃል ላይ ስለታም ሆኖ ጫፉ የደነዘ መቀስ ጨርቁን ያላምጣል። ስታላምጡ ትገፋላችሁ፣ ስትገፉ ክሩን ታልፋላችሁ። ጫፉ የሚቆርጥ፣ ስትለቁት በስፕሪንግ ራሱ የሚከፈት መቀስ ግዙ። መቀሱን ስታስገቡ ጫፉ መቆም ያለበት ቦታ ላይ አድርሱት፣ ከዚያ ዝጉት። እያስኬዳችሁ አትቁረጡ። ከስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀራችሁ ቁሙ። በትልትሎቹ መካከል ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይኑር። የተገጠሙትን የሁለቱን ቁራጮች ስድስት ድርብ አንዴ መቁረጥ ካቃታችሁ ሦስት ሦስት አድርጉት። እጃችሁ ሲደክም ተዉት፤ ነገ ይደርሳል።

አንድ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። የስፌቱን ክር ከጨርቁ የተለየ ቀለም አደርገዋለሁ። በቢጫ አንበሳ ላይ ቡናማ ክር። ዓይን ክሩን ካየ እጅ ይቆማል። ጆሮው ሥርና አንገቱ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ እሰፋለሁ፤ ልጅ አንበሳውን አንጠልጥሎ የሚጎትተው እዚያ ጋ ነው።

ተልትላችሁ ስትጨርሱ፣ ከመታጠቡ በፊት፣ ስፌቱን በጣታችሁ ላይ እያጠፋችሁ ዙሪያውን ፈትሹ። የተቆረጠ ክር ካገኛችሁ ከአሮጌው ስፌት 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ስፌት አስኪዱ። ከተቆረጠው አንድ ኢንች ቀድማችሁ ጀምሩ፣ አንድ ኢንች አልፋችሁ ጨርሱ። ጫፍና ጫፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ አጥብቁ። ሳይታጠብ ከተገኘ ሥራው አምስት ደቂቃ ነው።

ታጥቦ ከተከፈተ ግን አዲስ መስመር የምታስኬዱበት ትርፍ አልቋል። በእጅ መርፌ ጎትታችሁ አትግጠሙት፤ ጨርቁ ይሸበሸብና ጎኑ እንደገና ይቀደዳል። ከቀዳዳው በሁሉም ጎን አንድ ኢንች የሚተርፍ ፍላኔል በጀርባው አድርጉና ዙሪያውን በዚግዛግ ስፉት። ከፊት ደግሞ ሌላ ቁራጭ ደርቡበት። ለዚያ የክርስትና ዋዜማ የደረብኩት ቁራጭ ቅጠል ይመስል ነበር፤ አንበሳው ጆሮው ሥር ቅጠል የሰካ ሆኖ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣልኝ።

እጥበቱ ላይ

የመጀመሪያው እጥበት ብዙ ብናኝ ያወጣል። ብርድ ልብሱን ውጭ በደንብ አራግፉት። ማድረቂያው ውስጥ ሳለ የብናኝ ማጥለያውን በየ15 ደቂቃው አጽዱ፤ የተጠራቀመ ብናኝ እሳት ያስነሳል። ቀይ ጨርቅ ካለበት ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ቀድማችሁ ንከሩት።

ስጦታ ከመስጠታችሁ በፊት ደግማችሁ እጠቡትና የረዘሙትን ክሮች ሁሉ ቁረጡ። ልቅ ክር የሕፃን የእግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል። ለዓይኑ ቁልፍ አትስፉ፤ ልጅ ነቅሎ ይውጠዋል። በክር ጥለፉት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ ደግሞ ምንም ብርድ ልብስ አልጋው ውስጥ አይገባም። ስትሰጡ ይህን ለእናትየው በአፋችሁ ንገሯት።