የዓይን ዙሪያን ሳይፈትጉ ማጽዳት እንዴት ይቻላል?

ማታ ደክሟችሁ ቤት ትገባላችሁ። ዓይናችሁ ላይ ማስካራና ኩል አለ። መስታወት ፊት ቆማችሁ ጥጥ ታርሱና ወዲያ ወዲህ ትፈትጋላችሁ። ጥጡ ይጠቁራል፣ ዓይናችሁ ይቀላል፣ ጠዋት ስትነሱ ግን ከዓይናችሁ ሥር ያው ጥቁር ነገር ተለጥፎ ይጠብቃችኋል።

እኔም ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። የሜካፕ ማስለቀቂያው ደካማ እየመሰለኝ ስንቱን ጠርሙስ ቀያይሬያለሁ። ኋላ ሲገባኝ፣ ጥጡን ዓይኔ ላይ አሳርፌ 30 ሰከንድ መታገስ አቅቶኝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሲነበቡ ብዙ ይመስላሉ፤ ሲለመዱ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጁት። ሜካፕ የማትቀቡም ብትሆኑ አንብቡት። ላብ፣ አቧራ፣ ሰንስክሪንና አይናር የማያገኘው ሰው የለም።

ይህ ቆዳ ምን የተለየ ነገር አለው?

በሰውነታችን ላይ ካለው ቆዳ ሁሉ ስሱ የዓይን ቆብ ቆዳ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከሥሩ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ቆዳን የሚያወዙት የቅባት ዕጢዎችም እዚህ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሸበሸባል፣ ትንሽ ካሹት ደግሞ ያብጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ ዕረፍት የለውም፤ ዓይናችንን በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል እናርገበግባለን።

ቆዳ ሲታሽና ሲቆጣ ተጨማሪ ቀለም ያመርታል። ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከዓይን ሥር የሚታይ ጥቁረት ሁሉ ከመፈተግ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም፤ በዘር የሚወረስ አለ፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣም አለ። ግን የሚያሳክከው ሰው ዓይኑን ባሸ ቁጥር እያባሰው ነው።

የሽፋሽፍቱ ሥርም የራሱ ጉዳይ አለው። የቆቡ ጠርዝ ላይ፣ ከላይ ከ25 እስከ 40፣ ከታች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ደቃቅ የቅባት ዕጢዎች ተደርድረዋል። የሚያወጡት ቅባት እንባችን ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። የሜካፕ ቅሪት አፋቸውን ሲደፍነው ዓይን ይቆረቁራል፣ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ብጉንጅ ይወጣል። ኩል በቆቡ የውስጥ ጠርዝ ላይ ባይቀባ ይመረጣል የሚባለውም ለዚህ ነው።

በምን ይጸዳል?

ሜካፕ ከሌለ ለብ ያለ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ በቂ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ቀለል ያለ ሜካፕ ካለ ሚሴላር ውሃ ጥሩ ነው። ውሃ ይመስላል እንጂ ውስጡ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የማጽጃ ቅንጣቶች አሉ። የእያንዳንዱ ቅንጣት አንዱ ወገን ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ወገን ቅባት ይወዳል። ቅባት የሚወደው ወገን ሜካፑን ይይዝና ከቆዳው ያነሳዋል። ብዙ ጠርሙሶች ላይ "መታጠብ አያስፈልገውም" ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን ሁልጊዜ እታጠበዋለሁ። ማጽጃ ሌሊቱን ሙሉ ስስ ቆዳ ላይ የሚያድርበት ምክንያት አይታየኝም።

ዋተርፕሩፍ (ውሃ የማያስለቅቀው) የሚባለው ማስካራ ግን ለሚሴላር ውሃ በቀላሉ አይበገርም። የተሠራው ከሰምና ከሲሊኮን ዓይነት ነገሮች ስለሆነ የሚያሟሟው ቅባት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ከላይና ከታች በሁለት ቀለም ተለያይቶ የሚቀመጠው ማስለቀቂያ የሚሠራው ለእሱ ነው። ከላይ ያለው ቅባት፣ ከታች ያለው ውሃ ነው። በደንብ ሳትንጡት ከተጠቀማችሁ አንዱን ብቻ ነው የምታገኙት።

የፊት ሳሙና እዚህ ቦታ የለውም። ጤነኛ ቆዳ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ የአሲድ ተቃራኒ ነው) 5 አካባቢ፣ ማለትም ትንሽ አሲድነት ያለው ነው። ተራ የገላ ሳሙና ደግሞ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። የእንባ ፒኤች 7.4 አካባቢ ስለሆነ ሳሙና ዓይን ሲገባ ለምን እንደሚያንገበግብ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ምርት ስትመርጡ ሽታ የሌለውንና ለዓይን አካባቢ እንደሚሆን የተጻፈበትን ያዙ። አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ያህል ተመልከቱት።

ወደ ሥራው

1. እጅ ታጠቡ። ጥፍር ሥር ያለውንም። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ሰዎች ማጽዳት ከመጀመራችሁ በፊት አውጡት፤ አለበለዚያ የማስለቀቂያው ቅባትና የማስካራው ፍርፋሪ ሌንሱ ላይ ይለጠፋል። ስትቀቡ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሌንሱ መጀመሪያ ይገባል፣ ሜካፑ ይከተላል።

2. ጥጡን አርሱ። ጠፍጣፋውና ጠርዙ የተሰፋው ጥጥ ከድብልብሉ ይሻላል፤ ድብልብሉ ክር እየለቀቀ ዓይን ውስጥ ይገባል። ጥጡ በደንብ ይራስ፤ ሲጨበጥ ግን ጠብ ጠብ አይበል። ደረቅ ከሆነ ቆዳውን ይፍቃል፣ ከመጠን በላይ ከራሰ ደግሞ ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ይገባል።

3. ዓይናችሁን ጨፍኑና ጥጡን አሳርፉት። አትጫኑት፣ አታንቀሳቅሱት። ዝም ብላችሁ ከአንድ ጀምራችሁ 20 ወይም 30 እስክትደርሱ ቁጠሩ። ዋተርፕሩፍ ከሆነ እስከ 40 ብትቆጥሩ ክፋት የለውም።

ሁሉም ሰው የሚዘለው ይህችን እርምጃ ነው። ስትቆጥሩ ሞኝነት ይመስላል፤ ምንም እየተሠራ ያለ አይመስልም። ግን ሥራው ሁሉ የሚሠራው ያኔ ነው። ቅባቱ ወደ ሰሙ ይሰርጋል፣ ሰሙ ይላላል፣ ሽፋሽፍቱ ላይ የደረቀው ቅርፊት ይለቃል። ጥጡን ስታነሱት ማስካራው ራሱ ጥጡ ላይ ታትሞ ከመጣ በትክክል ጠብቃችኋል። ካልመጣ ሌላ ጥጥ አርሱና እንደገና ቁጠሩ። እጃችሁ ለመፈተግ ሲያሳክካችሁ ይታወቀኛል። ተዉት።

4. ወደ ታች ጥረጉ። ከቅንድብ በታች ጀምራችሁ እስከ ሽፋሽፍቱ ጫፍ፣ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ። ከዚያ ጥጡን ገልብጣችሁ በንጹሑ ገጽ ድገሙት። ለታችኛው ቆብ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚሉ አሉ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሉም አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አቅጣጫው ብዙ አያጣላም፤ ቆዳው ከጥጡ ጋር አብሮ እየተጎተተ ከሆነ ግን ጫናው በዝቷል። ለሁለተኛው ዓይን አዲስ ጥጥ ውሰዱ። አንዱ ዓይን ኢንፌክሽን ካለበት በጥጡ ወደ ሌላው ይሻገራል።

5. የቀረውን ለቃቅሙ። የሽፋሽፍቱ ሥርና የዓይኑ ጥግ ላይ ሁሌም ትንሽ ኩል ይቀራል። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለውን የጆሮ ማጽጃ እንጨት በማስለቀቂያው ንከሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በሽፋሽፍቱ መስመር ላይ እንደ መንከባለል አድርጋችሁ አሳልፉት። ወደ ቆቡ ውስጠኛ ክፍል አትግቡ፤ እዚያ ያለውን እንባ ያወጣዋል።

6. በለብታ ውሃ አለቅልቁ። ሙቅ ውሃ ያደርቃል። ዓይን ጨፍኖ ሦስት አራት ጊዜ ውሃ መርጨት ይበቃል። ከዚያ በለስላሳ ፎጣ ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁ። ፎጣው የራሳችሁ ብቻ ይሁን፣ ቶሎ ቶሎም ይታጠብ።

7. ትንሽ ክሬም ቀቡ። ለሁለቱም ዓይን የክብሪት ጭንቅላት የምታክል ትበቃለች። በቀለበት ጣታችሁ ቀቡት፤ ይህ ጣት ከሌሎቹ ያነሰ ጉልበት ስላለው ሳታስቡት አትጫኑም። ከዓይን በታች ያለውን አጥንት ተከትላችሁ መታ መታ አድርጉት። ሽፋሽፍት ሥር ድረስ መጠጋት አያስፈልግም። ውድ የዓይን ክሬም ግዴታ አይደለም፤ ሽታ የሌለው ተራ የፊት ክሬም ካልቆጠቆጣችሁ ይሠራል።

ጠዋት ጠዋት

ደረቅ አይናርን በጥፍር መላጥ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ቆዳውንም፣ አንዳንዴ ሽፋሽፍቱንም ይዞ ይነሳል። ጨርቅ በለብታ ውሃ አርሳችሁ ለጥቂት ሰከንዶች ያዙበት፤ ይለሰልስና በአንድ መጥረግ ይሄዳል።

በየቀኑ ሽፋሽፍት ሥር ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት የሚይዛችሁ ከሆነ፣ ጠርዙም ቀይ ከሆነ፣ የቆብ ጠርዝ ብግነት ሊሆን ይችላል። ይህ የተለመደ ችግር ነው፣ እየሄደም ይመለሳል። ሐኪሞች ለዚህ የሚመክሩት ለስለስ ያለ ሙቀት ነው፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ የተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መያዝ። እርጥብ ጨርቅ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እየደጋገማችሁ ሞቅ ባለው ውሃ ንከሩት። መጀመሪያ በእጅ አንጓችሁ ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ካቃጠለ ዓይን ላይ አይሄድም። ሙቀቱ የዕጢዎቹን ቅባት ካላላው በኋላ ጠርዙን በእርጥብ ጥጥ ትጠርጋላችሁ። በውሃ የቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ ለረጅም ጊዜ ሲታዘዝ ኖሯል፤ አሁን ግን ብዙ ሐኪሞች ለዓይን ቆብ ተብሎ የተዘጋጀውን ማጽጃ ይመርጣሉ። ቲትሪ የሚባለውን ዘይት ሳይበረዝ ዓይን አጠገብ እንዳታደርሱት። ያቃጥላል።

አንዳንድ ነገሮች

አይላሽ የምታስለጥፉ ከሆነ ቅባት ያለበት ማስለቀቂያ ሙጫውን ሊያላላው ስለሚችል ከቅባት ነጻ የሆነውን ተጠቀሙ። ቁልቁል እንጂ ወደ ጎን አትጥረጉ። አንዳንዶች እንዳይነቀልባቸው ፈርተው ጭራሽ አያጥቡትም። ያኔ ቆሻሻው ይጠራቀምና ቆቡ ይቆጣል።

እርጥብ ዋይፕስ ለመንገድ ይሁን። ቶሎ ስለሚደርቅ መፈተግን ይጋብዛል።

ዓይን ቆብ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው የዓይን ሜካፑን ነው። ጥፋተኛው ግን አንዳንዴ ሩቅ ነው። የጥፍር ቀለም ጣቶች ላይ ምንም ሳያደርግ፣ በእጃችን ወደ ዓይን ተሻግሮ ስሱን ቆዳ ያስቆጣል። ሻምፑና የፀጉር ቀለምም እንደዚሁ፤ ስንታጠብ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሽፍታው አልለቅ ካለ አንድ በአንድ እያቆማችሁ ተመልከቱ።

ማስለቀቂያ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጠንካራ ኬሚካል ከሆነ፣ ለምሳሌ በረኪና፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጡ ውሃ አፍስሱበትና ወዲያው ወደ ሕክምና ሂዱ።

ሕመም፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ ብርሃን መፍራት ወይም ወፍራም ፈሳሽ ካለ ማጽጃ መቀያየሩን ትታችሁ የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ቆቡ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን ሲንቀሳቀስ ካመመ ለነገ አይባልም። ሳምንታት አልፈውት የማይድን እብጠት፣ በተለይ ሽፋሽፍቱ እዚያ ቦታ ላይ ከረገፈ፣ መታየት አለበት።

ማስካራችሁን በየ3 ወሩ ቀይሩ። ብሩሹ በየቀኑ ሽፋሽፍት ነክቶ እየተመለሰ ጀርም ያስገባበታል። ዓይን ሕመም ይዟችሁ ከነበረ ደግሞ ያኔ የተጠቀማችሁበትን ጣሉት። ለሰው አታውሱ፣ ከሰውም አትዋሱ።

ጥጡ ላይ አንድ ሁለት ሽፋሽፍት ብታገኙ ግን አትደንግጡ። ሽፋሽፍት ዕድሜው ወራት ብቻ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ይረግፋል፣ ሌላ ይበቅላል። ረጅምና ሙሉ ከሆነ ጊዜው ደርሶ የወደቀ ነው። መሐሉ ላይ ተቆርጦ ካገኛችሁት፣ ያን ማታ ቆጠራውን አሳጥራችኋል።