ብርድ ሲገባ ብስክሌት፦ ችግርና መፍትሄ

ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለብስክሌት መጥፎ ጊዜ አይደለም። በወንዙ ዳር ያለው የማውንት ቨርነን የብስክሌት መንገድ እንደ በጋው አይጨናነቅም። ቅጠሉ ስለረገፈ የፖቶማክ ወንዝ ከወትሮው ሰፋ ብሎ ይታያል። ግን በበጋ ልብስና በበጋ ልማድ የወጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው "ምን አባቴ አወጣኝ?" ማለት ይጀምራል። ከዚያ ብስክሌቱ እስከ ኤፕሪል ምድር ቤት ተቆልፎ ይከርማል።

ብዙ ጊዜ የሚያማርረን ብርዱ ብቻውን አይደለም። እየነዳን የምንፈጥረው ነፋስና ልብሳችን ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ናቸው። ከታች ካሉት ችግሮች የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ ይመጣሉ።

ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ፍሬን መያዝ አቃተኝ

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ስሞታ ይሄ ነው። ውጭው 40 ዲግሪ ፋራናይት (ወደ 4 ሴልሺየስ) ሆኖ በሰዓት 15 ማይል የሚሄድ ነፋስ ካለ፣ ለቆዳ እንደ 32 ዲግሪ ይሰማዋል። ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ማለት ነው። በሜዳ መንገድ ደህና አድርጎ የሚነዳ ሰው ያንን ነፋስ ራሱ ይፈጥረዋል። እግር እየሰራ ይሞቃል፤ እጅ ግን መሪው ላይ ዝም ብሎ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። በዚያ ላይ ሰውነት ሲበርደው ደሙን ከዳር ወደ መሃል ይሰበስባል። ልብና ሳንባ ይቅደሙ ነው ነገሩ።

ስለዚህ መፍትሄው የሚጀምረው ከደረት ነው። ደረት ካልሞቀ ውድ ጓንትም አያድንም። ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ወይም ሰደርያ ልበሱ። ጓንት ስትገዙ ከውፍረቱ ይልቅ ነፋስ ማገዱን እዩ። የሱፍ ጓንት ለብቻው ነፋሱን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ጠባብ ጓንትም ደም ያግዳል፤ ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ክፍተት ይኑረው።

ይህን ሁሉ አድርጎም ለሚበርደው ሰው፣ ሁለት ሁለት ጣት አንድ ላይ የሚይዝ ጓንት አለ። ጣት ከጣት ይሟሟቃል፤ ፍሬንና ማርሽ መንካትም አያቅትም። መሪው ላይ የሚገጠም ትልቅ የእጅ መሸፈኛም አለ። መልኩ አያምርም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ቀኑን ሙሉ በብስክሌት ምግብ የሚያደርሱ ሰዎች በክረምት የሚመርጡት እሱን ነው፤ ለቁንጅና ብለው አይደለም።

ጣታችሁ በትንሽ ብርድ ሁሉ ነጭ የሚሆን ከሆነ ግን ለሐኪም ንገሩ። የደም ስር ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ካልሲ አድርጌም እግሬ በረደ

ምናልባት የበረደው ሁለት ካልሲ ስላደረጋችሁ ነው። ጫማው ሲጠብ ደም አይዘዋወርም። አንድ የሱፍ ካልሲ ሰፋ ባለ ጫማ ውስጥ ይሻላል። የብስክሌት ጫማ ደግሞ ለበጋ ታስቦ የተሰራ ነው፤ ከላይ ነፋስ ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፣ ከስር ፔዳሉን የሚይዘው ብረት ብርድ ያስገባል። ከላይ የጫማ መሸፈኛ ልበሱበት፤ ከስር በሶሉና በእግር መካከል የአልሙኒየም ፎይል አንጥፉ። መሸፈኛ ከሌለ ካልሲው ላይ ስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ጫማውን አድርጉ። ለአጭር ጉዞ ይበቃል፤ ሲረዝም ግን ላቡ ውስጥ ይቀራል። መንገድ ላይ ከደነዘዘ ወርዳችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ጥቂት ደቂቃ ተራመዱ። ቶሎ ይመለሳል።

መጀመሪያ ላብ አጠመቀኝ፣ ኋላ አንቀጠቀጠኝ

ቲሸርታችሁን ንኩት። ጥጥ ነው አይደል? ጥጥ ላብ ይጠጣል፤ ከጠጣ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ዳገቱን ስትወጡ ይረጥባል፤ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ነፋሱ በእርጥቡ ጨርቅ በኩል ሙቀታችሁን ይወስደዋል። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ቦታው ሶፋ ላይ፣ ከቡና ጋር ነው። ለቆዳ የሚቀርበው ልብስ ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ከላዩ መካከለኛ ሹራብ፣ ከዚያ የነፋስ ጃኬት ይደረብ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አለባበሱን በር ላይ ቆሞ ስለሚለካው ነው። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ቀዝቀዝ ሊላችሁ ይገባል። በር ላይ ከተመቻችሁ ሁለተኛው ማይል ላይ ታልባላችሁ። ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ዚፕ ክፈቱ፤ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ዝጉ። ለቡና ስትቆሙ ደግሞ ሳይበርዳችሁ በፊት አንድ ነገር ደርቡ። ውሃም አትርሱ። በብርድ ጥማት አይሰማም እንጂ በላብም በትንፋሽም ውሃ ይወጣል። ሙቅ ሻይ በፔርሙዝ መያዝ ጥሩ ነው።

ከነዳሁ በኋላ ያስለኛል

"ብርድ መትቶህ ነው" ይላሉ እናቶቻችን። ቀዝቃዛ አየር ደረቅ ነው። በኃይል ስንተነፍስ የአየር ቧንቧችንን ያደርቀዋል፣ ያስቆጣዋል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ያጠበዋል። አፍና አፍንጫን በስስ ሻርፕ ሸፍኑ፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በዝግታ ንዱ። ደረት የሚያፍን ወይም የሚያፏጭ ከሆነ አስም ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። የሚያነባ ዓይን መነጽር ይፈልጋል። ስትቆሙ መነጽሩ ጉም ከለበሰ ወደ አፍንጫችሁ ጫፍ ዝቅ አድርጉት፤ አየር ሲገባ ይጠራል።

ጉልበቴን ይጠቀጥቀኛል

ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በታች ጉልበት ባይገለጥ ይመረጣል። ሲጀመርም ማርሹን አቅልሉ፤ ከባድ ማርሽ ገና ያልሞቀ ጉልበት ላይ መጫን ጥሩ አይደለም። ከሞቀ በኋላም ካልተወ ብርዱን አትውቀሱ፣ የመቀመጫውን ከፍታ እዩ። የጉልበት ፊት ለፊት ካመመ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል።

ማታ የነፋሁት ጎማ ጠዋት ለስልሷል

አልተበሳም፣ አየሩ ቀዝቅዞ ነው። 70 ዲግሪ በሆነ ቤት ውስጥ 80 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ 35 ዲግሪ ወዳለበት ሲወጣ ወደ 74 ይወርዳል። ከዚያ በጣም ከወረደ ግን ቀዳዳ ፈልጉ። መንገዱ እርጥብ ከሆነ መሙላትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ትንሽ የለሰለሰ ጎማ መሬቱን በደንብ ይይዛል።

ኩርባ ላይ ተንሸራተትኩ

ይሄ ቀልድ አይደለም። የወደቀ እርጥብ ቅጠል ሲረገጥ ይላቁጣል፤ ጎማው የሚነካው ቅጠሉን እንጂ አስፋልቱን አይደለም። ከቅጠሉ ስር ምን እንዳለም አይታይም። ማውንት ቨርነን ላይ የዛፍ ሥር አስፋልቱን ያነሳባቸው ቦታዎች አሉ፤ በበጋ ታዩዋቸዋላችሁ፣ በኖቬምበር ቅጠል ይሸፍናቸዋል። እዚያው መንገድ ላይ ያሉት የእንጨት ድልድዮች ደግሞ ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ። አየር ከስራቸውም ስለሚያልፍ ከመሬቱ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ፤ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ድልድዩ አመዳይ ሊለብስ ይችላል።

ማድረግ ያለባችሁን የምታደርጉት ቅጠሉ ወይም ድልድዩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ፍጥነት ቀድማችሁ ቀንሱ። ከደረሳችሁ በኋላ መሪውን ቀጥ አድርጉ፤ የፊት ፍሬን አትንኩ፣ አትጠምዝዙ፣ ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ እለፉ። የተቀባ የመንገድ መስመርና የብረት ክዳንም እንዲሁ ናቸው። ማታ ዘንቦ ጠዋት ከ32 በታች ከወረደ ፀሐይ እስክትበረታ ጠብቁ።

ፍሬኑ ይጮሃል፣ ካቴናው ይንጫጫል

ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ውሃውን እስኪጠርገው ድረስ አይዝም። ቀደም ብላችሁ ቀለል አድርጋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ቸርኬውንና ላስቲኩን ጥረጉ፤ የበልግ ጭቃ ቸርኬ ይበላል። የሚንጫጫ ካቴና ዘይቱ ታጥቧል፤ አድርቁትና ለእርጥብ ጊዜ የተዘጋጀውን ዘይት ቀቡት፣ ትርፉን ጥረጉ።

መብራቱ መንገድ ላይ ጠፋብኝ

የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። በማግስቱ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ነው። ከሥራ በኋላ "ትንሽ ልንዳ" ያለ ሰው የሚመለሰው በጨለማ ነው። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፤ በበጋ ለሁለት ሰዓት ያበራ የነበረው ቀድሞ ይጠፋል። መብራቱን እስክትወጡ ቤት ውስጥ አቆዩት፤ ትንሽ መለዋወጫ መብራትም ኪስ ውስጥ ያዙ። ከፊት ነጭ መብራት በዲሲም በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በማታ የሕግ ግዴታ ነው።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላችሁ ባትሪውን አውጥታችሁ ቤት አስገቡ። ከ32 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይበላሻል። መጀመሪያ ከቤቱ ሙቀት ጋር እኩል ይሁን፣ ከዚያ ሰኩት።